ፒስተን ያልመታው ድራም

ያን ጊዜ በእኛ መንገድ ላይ ጠዋት የሚጀምረው ከጎሚስታው ሱቅ ነበር። የብረት መዝጊያው እየተንኳኳ ወደ ላይ ሲጠቀለል፣ ኮምፕሬሰሩ ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ ቀጥሎም የጎማ መዶሻው መውረድ ሲጀምር፣ እኛ ጎረቤቶቹ ሰዓት ሳናይ ከአልጋችን እንወርዳለን። መዶሻውን የሚያወርደው ወጣት ፒስተን ይባል ነበር። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው፤ ዳሩ ግን ከአክስቱ በቀር በዚያ የሚጠራው አልነበረም፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ሲቆጡ ብቻ ነው።

ፒስተን የተባለው በእግሮቹ ምክንያት ነው። ቁጭ ብሎ ጎማ ሲለጥፍ እንኳ እግሮቹ አያርፉም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። አሠሪው ሲያየው፣ "አንተ ልጅ፣ እግርህን ከኮምፕሬሰሩ ጋር ባያይዘው እኮ መብራት ሲጠፋ አንቸገርም ነበር" ይለዋል። ፒስተን ይስቃል፤ እግሩ ግን አያቆምም።

እናቱ ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር። አክስቱ ወስደው ከልጃቸው ጋር ባንድ አልጋ አስተኙት። የአክስቱ ልጅ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ሽቦ ይባል ነበር። ሁለቱ ባንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ፣ አንዱ የጠበበውን ጫማ ሌላው እየወረሰ አደጉ። የማያውቃቸው ሰው ሲጠይቃቸው "ወንድማማች ነን" ይላሉ፤ የሚያውቃቸው ሲጠይቃቸውም መልሱ ያው ነው። ሽቦ በትምህርቱ ገፍቶ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆነ፤ ፒስተን ጎማ ቤት ቀረ። ይህ በመካከላቸው ነፋስ አላስገባም ነበር።

ሙዚቃውን ያመጣው ሽቦ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለፒስተን አቀበለው። ዴዝኮር የሚሉት ዓይነት ሙዚቃ ነበር። እኔም ኋላ ሳልወድ በግድ ተምሬዋለሁ። ጊታሩ ቆርቆሮ እንደሚቆርጥ መጋዝ ነው። ዘፋኙ አይዘፍንም፤ ከሆዱ ያጓራል። ድራሙ በሁለት እግር እየተመታ እንደ በረዶ ዝናብ ይወርድና ድንገት ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምት ከፎቅ እንደተጣለ ቁም ሣጥን ይወድቃል። ልጆቹ ይህችን ቦታ "መውደቂያ" ይሏታል። ፒስተን ሰምቶ ሲጨርስ፣

"ይሄን የሚመታው ሰውዬ ስንት እግር ነው ያለው?" አለ።

"ሁለት። እንዳንተው።"

በማግስቱ ሁለት አሮጌ ጎማ ፊቱ አጋድሞ በእግሩ ሲደልቅ አሠሪው ደረሰበት። "ጎማው ምን አድርጎህ ነው?" አለውና አለፈ።

ባንድ ሲያቋቁሙ ሽቦ ጊታሩን፣ ፒስተን ድራሙን ያዘ፤ ዘፋኝ የሆናቸው የሕፃናት ልብስ ሻጭ ነው። ቀን ቀን በለሆሳስ ድምፅ "ይሄ ቀለም ለሕፃኑ ገላ ይስማማል እናቴ" እያለ እናቶችን የሚያግባባ ጨዋ ልጅ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ግን የፒስተን አክስት ግቢ ውስጥ ያለው ዕቃ ቤት ገብቶ የሚያወጣው ድምፅ ሌላ ነው። አክስቱ መጀመሪያ የሰሙ ቀን ውኃ በብርጭቆ ይዘው እየሮጡ መጡ።

"ምን ሆኖባችሁ ነው ይሄ ልጅ?"

"እየዘፈነ ነው እማዬ" አለ ሽቦ።

"ዘፈኑ ነው እንዲህ የሚያመው?"

የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ከእኔ መኝታ ቤት ጋር ይዋሰናል። አቤቱታዬን ሳሰማቸው ፒስተን ሄዶ ከጎማ ቤቱ የተጣሉ ጎማዎችን እየተሸከመ አመጣ፤ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ በጎማ አለበሰው። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ የሚመጣው ከሩቅ እንደሚያልፍ ባቡር ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ቆይቶ ለመድኩት። ሲቀር ይናፍቀኝም ጀመር።

በመውደቂያዋ ላይ ፒስተን አንድ ልማድ ነበረው። ጎሚስታ ጎማን ከቸርኬው፣ ከብረት ቀለበቱ፣ ሲያላቅቅ መፈልቀቂያ ብረቱን ያስገባና ተጭኖ ትንሽ ይጠብቃል፤ ጎማው ሲሰለች፣ ልልቀቅ ሲል፣ ያኔ መዶሻውን ያወርዳል። የቸኮለ እንደሆነ ጎማው ይነጥራል። ፒስተን ድራሙንም እንደዚያ ነበር የሚመታው። ጊታሩ ቀድሞ ይወድቃል፤ እርሱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይጠብቅና ይከተላል። በዚያች ክፍተት ውስጥ እኔ ግድግዳ ተደግፌ የምሰማው ሽማግሌ እንኳ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

"ዘገየህ" ይለዋል ሽቦ።

"አልዘገየሁም። ጠበቅሁት።"

"ያው ነው።"

"እንዴት ያው ይሆናል?"

በዚህ ዘወትር ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ ግን በሣቅ ነበር የሚያልቀው።

አልበም ለማውጣት ሲነሡ ድራሙን የቀዱት እሁድ እሁድ፣ ጎማ ቤቱ ሲዘጋ ነው። ማይክሮፎኑን በመኪና ክሪክ ላይ በገመድ አሰሩት። ፒስተን ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ደጋግሞ መታ፤ የብረት መዝጊያው አብሮት ይንቀጠቀጣል። ሲጨርሱ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት በአሠሪው ነጠላ ጫማ ነው ወደ ቤት የሄደው። አክስቱ ለብ ያለ ውኃ በጨው አቅርበው፣ "ለዚህ ሁሉ ምን ይሰጡሃል?" ቢሉት፣ "ስሜ ይጻፋል አክስቴ" አላቸው።

ቀሪው የሽቦ ሥራ ነበር። ክፍሉን ዘግቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ተተክሎ ከረመ። ፒስተን አንገቱን በበር አስግጎ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቀው፣ "እያጠብኩት ነው" ይለዋል። "አቧራውን ላራግፍለት።"

አልበሙ "ዝገት" ተብሎ ወጣ። በጀርባው ላይ፣ ድራም፦ ፒስተን፣ የሚል ተጽፎበታል። ወዲያው ይህን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ገሚሱ "እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ" አለ፤ ገሚሱ "ይሄ ባንድ አይደለም፣ ፋብሪካ ነው" አለ። ጠቡ የከረረው በድራሙ ላይ ነበር። "ይህን የሰው እግር አይመታውም" የሚለው ወሬ ሲበዛ ፒስተን እንደ ምስጋና ነበር የቆጠረው። ጎማ እየለጠፈ ለደንበኛ ሁሉ በስልኩ ያነብ ነበር፦ "ስሙ እስቲ፣ የሰው እግር አይደለም ይሉኛል።"

እርሱም ቢሆን አንድ ነገር ጎርብጦት ነበር። "መውደቂያዋ ላይ ያቺ ነገሬ አትሰማም" ብሎ ሽቦን ጠይቆታል። ሽቦ "በስልክ ስለምትሰማው ነው" አለው። ፒስተን አመነ። ያንድ አልጋ ልጅ ነው፤ ለምን አያምንም?

ከነቃፊዎቹ መካከል ሪዛሙ የሚባል አንድ የቆየ ድራም መቺ ነበር። እርሱ፣ "ልጁ ሲመታ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" ብሎ ጻፈ። ፒስተን "እሁድ ጎማ ቤት ና" ብሎ መለሰለት። ይህን ሲጽፍ ሽቦ አጠገቡ ነበር።

"ተወው ባክህ" አለው። "ከሱ ጋር ምን አጨቃጨቀህ?"

"ስሜን ነው ያነሣው።"

"ተወው አልኩህ።"

ይህን ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

እሁድ ሪዛሙ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። የልብስ ሻጩ ልጅ መጣ። ሽቦ ኮምፕሬሰሩ ጎን ቆመ። እኔንም ፒስተን ራሱ "ጋሼ፣ አንተ ምስክሬ ነህ፣ በግድግዳ ስትሰማኝ ኖረሃል" ብሎ ጠርቶኝ ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ። አልበሙ በትልቅ ስፒከር ተከፈተ፤ ፒስተን ከአልበሙ እኩል መምታት ጀመረ።

መጀመሪያ አብረው ሄዱ። የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ግን የልጁ እግርና የስፒከሩ ድምፅ ይለያዩ ጀመር። እርሱ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ስፒከሩ ይመታል። እርሱ ሦስት በሚመታበት ስፒከሩ አራት ይመታል። ፊቱን ሳይ የሚታገል ሰው ፊት አልነበረም፤ ማንነቱን የማያውቀው ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ሲናገር የሰማ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ መውደቂያዋ ደረሰች። አልበሙ ከጊታሩ እኩል፣ አንድ ላይ፣ ልክክ ብሎ ወደቀ። የፒስተን ምት ተከተለ። ደግሞ አልበሙ፤ ደግሞ ፒስተን። ደረጃ ላይ አንዱ በሌላው ተረከዝ እየተደናቀፈ የሚወርድ ይመስል ነበር።

ቀና ብሎ ሽቦን አየው። ሽቦ ስልኩን እያየ ነበር። ስልኩ መብራቱ ጠፍቷል።

ፒስተን ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ምነው?" አለ ሪዛሙ።

ሁላችንም ጠበቅን። ወንድሙን ለማጋለጥ አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

"እግሬ ዝሏል" አለ ፒስተን። "ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ስፈታ ነው የከረምኩት።"

"ይገባኛል" አለ ሪዛሙ፣ ጃኬቱን እያነሣ። "ኮምፒዩተሩ ግን አልዛለም።"

እየተሣሣቁ ወጡ። በዚያው ቀን "መምታት የማይችለው ልጅ" የሚል ወሬ ስልክ ለስልክ ዞረ።

እኔ መዝጊያውን ሲያወርድ ላግዘው ቀርቼ ነበር። ፒስተን ከመቀመጫው አልተነሣም። እግሮቹም፣ ካወቅሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቆመዋል።

"ስንቱ ነው የኔ?" አለ።

"የምኑ?" አለ ሽቦ።

"የአልበሙ።"

"አመታቱ እኮ ያንተ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ..."

"ስንቱ?"

"የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሲምባሉ ሳህን ድምፅ ያንተ ነው።" ሽቦ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተጠጋ። "መጀመሪያ ላስተካክል ነበር የፈለግሁት፣ ትንሽ ትንሽ። አንዱን ስስብ ሌላው እየተዛነፈ አስቸገረኝ። በኋላ በኮምፒዩተር እንደ አዲስ መጻፉ ቀለለኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው ፒስቱ። በዚህ ሙዚቃ ነውር አይደለም።"

"ነውር ካልሆነ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትከፋለህ ብዬ።"

"እሁድ ና ብዬ ስጽፍለት አጠገቤ ነበርክ።"

"ተወው ብዬህ ነበር።"

"'ተወው' ማለትና 'ያንተ አይደለም' ማለት አንድ ነው?"

ሽቦ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"እሺ" አለ ፒስተን ቀስ ብሎ። "እንግዲያው የኔን ስጠኝ። እዚህ ቤት የመታሁትን። አላወጣውም፤ ለራሴ ነው።"

"የለም።"

"የት ሄደ?"

"ቦታ ሞላብኝና..." ሽቦ ጣቱን በኮምፕሬሰሩ አቧራ ላይ አስኬደ። "አጠፋሁት።"

መዝጊያውን እኔና ሽቦ አወረድነው።

አክስቱ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ደግሞ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ። ጥቂት ቀን ቆይተው ፒስተን ብቻውን ሲበላ አገኙት።

"ወንድምህ ነው፤ እለፈው" አሉት።

"አልፌዋለሁ አክስቴ።"

"ታዲያ ምነው ሲገባ ትወጣለህ?"

"አኩርፌ አይደለም። ሲያናግረኝ የቱ እውነት እንደሆነ እየመረጥኩ መስማት ይደክመኛል።"

ባንዱ በዚያው ሰሞን ትልቅ አዳራሽ ተጠርቶ ነበር። ጠቡ ስማቸውን አስጠርቶታል፤ የወደደውም የጠላውም ሊያያቸው ይፈልጋል። የልብስ ሻጩ ልጅ ጎማ ቤት መጥቶ በዚያ ለስላሳ ድምፁ አስረዳ፦ ድራሙ ከኮምፒዩተር ይለቀቃል፣ ፒስተን ከላይ ከላይ ይመታል፣ ማንም አያውቅም።

"እኔ አውቃለሁ" አለው ፒስተን፣ ጎማ ውኃ ውስጥ እየነከረ። "ስሜን ከአልበሙ ላይ አንሡልኝ።"

ለዚህ ነገር ሽቦ ራሱ መጣ። "ስምህ ይቆይ። ለክብርህ ብዬ ነው።"

"ያልመታሁትን መታ ተብዬ ነው የምከበረው? አንሣው።"

"ስምህ እንዲጻፍ አይደል ያን ሁሉ የለፋኸው?"

"ለዚያ ነበር" አለ ፒስተን። "ለዚያ ስለነበረ ነው አንሣው የምልህ።"

ስሙ ተነሣ። በማግስቱ ፒስተን የእጅ ጋሪ ይዞ ወደ አክስቱ ዕቃ ቤት ሄደና ጎማዎቹን ከግድግዳው ያወርድ ጀመር። ሽቦ በሩን ደግፎ ቆሞ አየው፤ አንዱን ጎማ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ፒስተን "ይቆሽሽሃል፣ ተወው" አለው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለደንበኛ የሚናገርበት ድምፅ ነበር። ሽቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሙዚቃው ራቁቱን ወደ መኝታ ቤቴ ይገባ ጀመር፤ ልክ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንዲት ምት ዝንፍ አትልም። ትንፋሼን አስይዞኝ ግን አያውቅም። ጎረቤቱ ሲበዛበት ልጆቹ ሌላ ቦታ ተከራይተው ሄዱ።

ከወራት በኋላ የእኔም መኪና ጎማ ተንፍሶ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አንድ ባለታክሲ ነበር፤ በሩን ከፍቶ "ዝገት"ን ከፍ አድርጎ ያስጮኻል።

"ሰማህልኝ ይሄን ድራም?" አለው ፒስተንን። "የዚህ ሰፈር ልጅ ነው የሚመታው አሉ።"

"አይደለም" አለ ፒስተን፣ ብረቱን በጎማውና በቸርኬው መካከል እያስገባ።

"ታዲያ የየት ነው?"

"እንጃ። አይቼው አላውቅም።"

"ቶሎ በልልኝ እንግዲህ ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ።"

ዘፈኑ መውደቂያዋ ላይ ደረሰ። ጊታሩ ወደቀ፤ ድራሙም አብሮት ልክክ ብሎ ወደቀ። ፒስተን ብረቱን ተጭኖ፣ መዶሻውን እንዳነሣ ጠበቀ። ከዚያ አወረደው፤ ጎማውም ለቀቀ።