የአንድ ሰኞ ንግሥት

ሄስተር ጋርሳይድን ያወቅኋት፣ ሁለታችንም ከአንድ ተዟዟሪ የቲያትር ቡድን ጋር እንግሊዝን በባቡር ከጫፍ ጫፍ በምንዞርበት ዘመን ነው። እኔ ዲሊስ እባላለሁ። ሥራዬ የመድረኩ ጥግ ላይ ጽሑፉን ይዤ ተቀምጬ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ ማለት ነበር። እንጀራዬ የሰው መርሳት ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። በሄስተር ግን እንጀራ አይበላም። ያቺ ሴትዮ አትረሳም። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ቃል ያቀበልኳት አንድ ማታ ብቻ ነው፤ የዚያን ማታ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተወለደችው ኪትሊ በምትባል ከተማ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተዋናይ ልሆን ነው ብላ ሻንጣዋን ስታነሣ፣ አባቷ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ፣ አንቺን ለማየት ደግሞ ማን ገንዘብ ይከፍላል አሏት። እውነቱን ለመናገር ለዓይን የምትሞላ አልነበረችም። ረጅም ናት፣ አጥንቷ ይቆጠራል፣ እጇ የወንድ እጅ ያህላል። ድምፅዋ ግን ሌላ ነው። ዝቅ አድርጋ ስትናገር እንኳን ከላይኛው ሰገነት ርካሽ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጎረቤቱ ያወራው እስኪመስለው ይሰማታል። ይህን ድምፅ ይዛ ለአሥራ ስምንት ዓመት መድረክ ላይ የገረድ ትሪ ተሸከመች። እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል ትላለች፤ ትወጣለች። አንዳንዴ መልእክተኛ፣ አንዳንዴ ከሦስት አልቃሾች ሦስተኛዋ ትሆናለች። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የማዕድን ቆፋሪዎች አዳራሽ ውስጥ ጣሪያው እያፈሰሰባት ስትጫወት አይቻታለሁ። ያኔም ትሪ ይዛ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ቡድናችን የሚታወቅበት አንድ የድሮ የግጥም ተውኔት ነበረው። ልጇ ጦር ሜዳ የቀረባት ንግሥት የግቢዋን በር አዘግታ ዓመት ሙሉ ትቀመጣለች። መልእክተኛ ይመጣል፣ ይማልዳል፣ አትከፍትም። መጨረሻ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ከዙፋኗ ትነሣና ወደ በሩ ሄዳ «በሩን ክፈቱት፤ ልጄ መጥቷል» ትላለች። መጋረጃ ይወርዳል። የመጣ ሰው የለም። አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ሺህ ጊዜ አንጀቴን በልቶኛል።

ንግሥቲቱን የምትጫወተው ሚስ ሃልኮት ነበረች፤ ስሟ ከተውኔቱ ስም በላይ በትልቁ ይጻፍላታል። ሄስተር ደግሞ የእሷ ተጠባባቂ ሆነች። ሚስ ሃልኮት ብትታመም ንግሥቲቱን ትጫወታለች፤ ካልታመመች ትሪዋን ትሸከማለች። ሚስ ሃልኮት አትታመምም። ሥጋ በድንች በልታ፣ ሁለት ብርጭቆ ጥቁር ቢራ ጠጥታ፣ እንደ ሕፃን ትተኛለች። አንዳንዴ ስታስነጥስ ሄስተር ቀና ትላለች። ወዲያው ደግሞ ኃጢአቱ ያስፈራትና ሎሚ በማር ራሷ አፍልታ ትወስድላታለች። የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል ቢባልም፣ አሥራ አንድ ዓመት መጠበቅ ግን ብዙ ነው።

አንድ እሑድ ባቡር ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ እየበላን የክፋት ነገር ሆነብኝና ነካካኋት።

«ስንት ዓመት ሆነሽ?» አልኳት።

«አርባ ስድስት።»

«ሚስ ሃልኮት ስልሳ ሁለት ናት። እናቷ ግን ዘጠና ሰባት ናቸው፤ አሁንም ጓሯቸውን ራሳቸው ይኮተኩታሉ አሉ።»

«አንቺ ምላስሽ ይቆረጥ። ዓሣሽን ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

በእኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ተመልካች በሌለበት የተውኔቱን የመጨረሻ ቃል የሚናገር ሰው የለም። ባዶ ወንበር ፊት የተጨረሰ ተውኔት አይሰምርም ይባላል። ልምምድ ላይ ተዋናዩ ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ቃል ይልና ዝም ይላል፤ አንዱ «መጋረጃ» ይላል፤ ሁሉም ወደ ሻዩ ይሄዳል። ሚስ ሃልኮት እሷ ምን ቸገራት፤ በየማታው ሕዝብ ፊት ትላታለች። ሄስተር ግን ተጠባባቂ ናት፤ ልምምድ እንጂ ሕዝብ የላትም። በየረቡዕ ከሰዓት ንግሥቲቱን ከራስ እስከ እግር ትለማመድና መጨረሻዋ ጋ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ነው። ገላሽን ስትታጠቢ እንኳ ብለሻት አታውቂም ወይ ብያት፣ የሳሙና አረፋ ተመልካች አይደለም አለችኝ።

ማታ ማታ ትሪዋን ካስቀመጠች በኋላ መሄድ ስትችል አትሄድም። እኔ አጠገብ ጨለማው ውስጥ ቆማ ሚስ ሃልኮትን ትሰማለች። ከንፈሯ እያንዳንዱን ቃል ይከተላል። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ይከደናል። ያን ጊዜ ፊቷን ማየት አልወድም ነበር፤ ሱቅ መስኮት ላይ የተጣበቀ ልጅ ትመስላለች።

ከዚያ በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ክሩ በምትባል ከተማ ጣቢያ ባቡር ስንቀይር፣ ሚስ ሃልኮት በረዶ የያዘው ድንጋይ ላይ ተንሸራትታ ቁርጭምጭሚቷን ሰበረች። እሷ በቃሬዛ እየሄደች ባቡር ጣቢያውን ሁሉ ስትሳደብ፣ የቡድናችን ሥራ አስኪያጅ ዞር ብሎ ሄስተርን አያት። ሄስተር ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች።

ሰኞ ብራድፎርድ ከተማ ነበር መክፈቻችን። ከሰዓት ለእሷ ሲባል ልምምድ ተደረገ። ከሚስ ሃልኮት የተለየች ንግሥት ነበረች፤ የማትጮህ፣ እልኸኛ፣ የመንደር እናት የምትመስል። ጭልፋ ይዛ ከጎረቤቴ ቤት የወጣች መሰለችኝ። መጨረሻዋ ጋ ደርሳ ዝም ስትል ሥራ አስኪያጁ ተጨነቀ። ዛሬስ አንዴ በያት፣ በሕይወትሽ ብለሻት የማታውቂውን ቃል ማታ ከየት ታመጫለሽ አላት። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ሄስተር ዘውዱን ከራሷ አውርዳ፣ ማታ ሰው ሲመጣ እላታለሁ ብላው ወደ መልበሻ ክፍሏ ሄደች። ሌሎቹ ተዋንያን ደግ አደረገች አሉ። እኔ ግን ፍርሃት ገባኝ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያች ቦታ ላይ መዘጋትን የለመደ አፍ ደግሞ ማታ እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም።

በተውኔቱ የፕሮግራም ወረቀት ውስጥ የሄስተር ስም ያለበት ብጣሽ ወረቀት ስላገኙ አዳራሹ አጉረመረመ። ሚስ ሃልኮትን ሊያዩ ነበራ የመጡት። ሦስት ሰዎች ተነሥተው ሲወጡ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ። ሌላው ግን አልተነሣም፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሳል እንኳ ጠፋ። ከዚህ በላይ ምን እንደነበረች ልነግራችሁ አልችልም፤ ምክንያቱም እያለቀስኩ ነበር፤ የእኔ ዓይነት ሠራተኛ ደግሞ ማልቀስ አይፈቀድለትም፣ ጽሑፉ ይጠፋበታል።

መጨረሻው ደረሰ። ከዙፋኑ ተነሣች። በሩ እኔ ባለሁበት ጥግ በኩል ነበር፤ ወደ እኔ መጣች። ከፊቴ ሁለት ማብሪያዎች አሉ፤ ስጫናቸው እኔም ጋ መጋረጃ ሳቢውም ጋ መብራት ይበራል። ቀዩ፣ መጋረጃ ሳቢው ገመዱን እንዲይዝ ነው፤ አረንጓዴው፣ እንዲለቅ። ቀዩን አበራሁ። በሩ ጋ ቆመች። እጇን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ዝም አለች።

የእኔ ሙያ ዋናው ነገሩ ዝምታን ከመርሳት መለየት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ሹክ አልኳት። ምንም። ደግሜ ሹክ አልኳት። ከንፈሯ እንደ ሁልጊዜው ክድን እንዳለ ነው። ልማዱ አፏን ቆለፈው አልኩ። አሁን አንዱ ከሰገነቱ ይስቃል፤ ከሳቀ ይህቺ ሴት አበቃላት። ላድናት ብዬ አረንጓዴውን ተጫንኩ።

መጋረጃው ወረደ። ከወዲያ በኩል ጭብጨባው ፈነዳ፤ ቃሉ መቅረቱን ያወቀ እንኳ አልመሰለኝም። ሄስተር ወዲህ በኩል በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። አፏ ተከፍቶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ መጋረጃውን ማን አወረደው አለ። እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። መጋረጃ ሳቢው ሚስተር ክሌግ ሳይቸኩል አልቀረም አልኩ። ሽማግሌው መብራት አይቻለሁ ብሎ ማለ፤ ማንም አላመነውም፤ በዚያው ሳምንት አሰናበቱት። ማክሰኞ ደግሞ ሚስ ሃልኮት እግሯን በጀሶ አስጠቅልላ፣ ጎማ በተገጠመለት ዙፋን እየተገፋች መጣች። ንግሥት እግሯ ቢሰበር ንግሥትነቷ ይቀራል እንዴ አለች። ሄስተር ትሪዋን አነሣች።

ሌላ ዕድል አልመጣም። ሚስ ሃልኮት ሥራ ስታቆም ቦታው በፊልም ለምትታወቅ የሠላሳ ዓመት ሴት ተሰጠ። ሄስተር መድረክ ላይ ሞግዚት ሆነች፣ አሮጊት ጎረቤት ሆነች፣ በሬዲዮ ሁለት ዓመት የሐኪም ጸሐፊ ሆነች፤ ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ። ያረጁ ተዋንያን የሚኖሩበት ባሕር ዳርቻ ያለ ቤት ገባች። እኔ በየሐሙሱ የዝንጅብል ብስኩት ይዤ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ስለ ሁሉም እናወራለን። ስለዚያ ሰኞ ግን አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም። አንዳንዴ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ስታይ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይጀምርና ይቆማል። የት ጋ እንደቆመ አውቃለሁ።

ያ ሰኞ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ሐሙስ አላስችል አለኝ። ሚስተር ክሌግ ሞቷል፤ ሥራ አስኪያጁም ሞቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ አልቀየምም።

«ሄስተር፣ ያን ቀን መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ብስኩቷን ሻይዋ ውስጥ ነከረች። «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«በሩ አንቺ አጠገብ አልነበር? አረንጓዴው ፊትሽ ላይ ሲበራ አየሁት። አልቅሰሽ አፍንጫሽ ቀልቷል፤ በአረንጓዴ ብርሃን ደግሞ ስታስጠዪ።»

«ልማዱ አፍሽን የያዘው መስሎኝ ነው። ረስታለች ብዬ።»

«ሁለቴ ሹክ አልሽኝ። ሁለቴም ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልሻትም?»

«ካልኳት ታልቃለቻ፣ ሆዴ» አለችኝ። «ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዟል። እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም እንደማላገኘው አውቄዋለሁ። ትንሽ ላቆያት አልኩ። አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። ልናገር አፌን ስከፍት መጋረጃው መጣብኝ።»

በሙያዬ የተሳሳትኩት አንድ ዝምታ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት።

«እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነዋ። መጠበቅ መቼም ሥራዬ ነው» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እጇን ያዝኩ። አሁን በያት፣ እባክሽ፣ እዚሁ በያት ብዬ ለመንኳት። ዞር ብላ ክፍሉን አየች። ሁለት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ አንዲት አሮጊት አንቀላፍታለች። ከወንበሯ ልትነሣ እጀታውን ያዘች። ከዚያ መልሳ ለቀቀችው።

«ተመልካች የታለ?» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺማ የውስጥ ሰው ነሽ፣ ዲል። አንቺ ፊት ከተባለ ልምምድ ነው።»

አልተቆጣችም፤ ጉንጬን መታ መታ አደረገችና ሻይሽ ቀዘቀዘ አለችኝ። በየካቲት አረፈች። የቀብሩ ቀን አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ስለ ድምፅዋ ሁሉም አንዳንድ ነገር ተናገረ፤ አንዱ ትሪ እንዴት እንደምትይዝ አስታወሰ። ያቺን ቃል ግን በእሷ ድምፅ የሰማ ሰው በዓለም ላይ የለም። እኔም አልሰማሁም።