በምላስ የሚለይ ዶቃ

ጠርሙስ እንደ ጤፍ ተወቅጦ ዱቄት ይሆናል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። በአገሬ በጎጃም ሳለሁ የማውቀው የመስተዋት ዕቃ የአባቴን የጠጅ ብርሌ ብቻ ነው። እሱም ሲሰበር ስባሪው እግር እንዳይወጋ ተለቅሞ ይቀበራል እንጂ ለሌላ ነገር ይሆናል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ይህ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርጄ እትዬ ቤት እስክገባ ድረስ ነው።

ባሌ ወደ ሰሜን ሲዘምት ስንቅ ይዤ ተከትዬው ነበር። ጦሩ ሲፈታ ከሰው መሐል አጣሁት፤ ሞተም ተረፈም ብሎ የነገረኝ የለም። ከተመላሹ ጋር ስወርድ ይፋት ላይ ንዳድ ጣለኝ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት የቀወት አገር ሴት ከመንገድ ዳር አንስተው ቤታቸው አስገቡኝ። እኔ እንግዲህ እትዬ የምላቸው እኒህን ሴት ነው። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከሥጋ በቀር ሁሉን አብረን እንበላ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ማጀቴ ለሚባል አገር ሰው ታጭታ ነበር። ስድን ወዴት ልሂድ? ጣሊያን መንገዱን ሁሉ ይዞታል። እዚያው ቀረሁ።

እትዬ ዶቃ ሠሪ ናቸው። ቀድሞ ነጋዴ ጥሎት የሚሄደውን ስባሪ እየጠበቁ ይሠሩ ነበር፤ ጣሊያን መንገድ ሊሠራ ከሰፈረ ወዲህ ግን ጠርሙስ በየገደሉ ሥር ተትረፈረፈ። አረንጓዴው የወይን ጠጅ፣ ቡናማው የቢራ፣ ሰማያዊው የመድኃኒት ነው። ሰማያዊው ብርቅ ነው። የወይን ጠጁን ጠርሙስ ስናገኝ እትዬ በእጃቸው አይነኩትም።

«ይሄን አንቺ እጠቢው፣ ጎጃሜዋ። ለናንተ ክልክል አይደለም።»

«ካጠብኩት በኋላስ ለእርስዎ ይፈቀዳል?»

«ከታጠበ በኋላ እሳት ይገባል። እሳት ከገባ በኋላ ወይን ጠጅ እንደነበረ ማን ያውቅበታል?»

ስባሪውን በሙቀጫ እንወቅጣለን፣ በሻሽ እንነፋለን። ትናንሽ ጉድጓዶች የተበጁበት የሸክላ ገበታ አለን። በየጉድጓዱ መሐል የሰንበሌጥ ስንጥር እናቆማለን፣ ዙሪያውን በዱቄቱ እንሞላለን። ገበታው ከሰል ላይ ተጥዶ ወናፉ ሲነፋ ስንጥሩ ይነድና ቦታውን ቀዳዳ አድርጎ ይሄዳል፤ ዱቄቱ ደግሞ ተያይዞ ዶቃ ይሆናል። ከሰል ለመቆጠብ ሦስቱንም ቀለም ባንድ ገበታ ስለምንተኩስ፣ ሲገለበጥ ይደባለቃል። እኔን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ ዱቄቱ ዱቄት መሆኑን የሚተወው በየትኛው ቅጽበት ነው? ያን ለማየት ስል እሳቱ ላይ አጎነብሳለሁ። ሽፋሽፍቴ መለብለቡን እንኳ ልጅቱ ስቃ ስትነግረኝ ነው የማውቀው።

«ዓይንሽን ከእሳቱ አውጪ!» ይሉኛል እትዬ። «እኔም እንዳንቺ ሳፈጥ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

እንዴት እንደሆኑ ልጠይቅ ስል ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር ነበረ። እትዬ ዶቃ የሚለዩት ማለዳ፣ አፋቸውን ሳይፈቱ፣ እህል ሳይቀምሱ ነው። ዶቃውን ወደ አፋቸው ይጥሉና እንደ ጥርስ አልባ ሕፃን ያገላብጡታል፤ ከዚያ ተፍ አድርገው ወደ አንዱ ቅል ይወረውሩታል። አመዱን በምራቃቸው የሚያጠሩት ይመስለኝ ነበር። ረመዳን ሲገባ ግን መለየቱን ጨርሶ ይተዉታል። ጾሙ አድክሟቸው ነው እንዳልል ያንኑ ቀን ማሽላ ሲወቅጡ ይውላሉ።

«እትዬ፣ ረመዳን ላይ ዶቃ የማይለዩት ለምንድን ነው?»

«አንቺ ደግሞ ጥያቄ ነው ምሳሽ?»

መልሱን ያገኘሁት የእኔው ዓይን ሲደክም ነው። በሁለተኛው ክረምት ከደብረ ሲና ተረተር የሚወርደው ጭጋግ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የቀረ መሰለኝ። ፀሐይ ወጥታ እንኳ አይገፈፍም። ጸበል ተጠመቅሁ፤ ሕመሙ ቀለለልኝ፣ ጭጋጉ ግን አለቀቀኝም። መንገድ አይጠፋብኝም፣ ሰው በቁመናው እለያለሁ፤ ቀለም ግን እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆነብኝ። አንድ ቀን ሦስቱን ቅሎች ፊቴ አስቀምጬ አረንጓዴውን ከሰማያዊው መለየት አቃተኝና ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ፣ እትዬ።»

ሳቁ።

«ለእኔ አንድ ከሆኑ ስንት ዘመናቸው መሰለሽ! ነይ አፍሽን ክፈቺ።»

ለካ አመድ ማጥራት አልነበረም። የጠርሙስ ዓይነት ሁሉ እሳትን እኩል አይታዘዝም። አረንጓዴው ጥሩ አድርጎ ይቀልጣል፤ ምላስ ላይ እንደ ቅቤ ያዳልጣል። ቡናማው ልስልስ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ምላስ ይዞ ያስቀራል። ሰማያዊው እምቢተኛ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስለማይቀልጥ እንደ አሞሌ ጨው ይሻክራል። ጣት ይህን ሁሉ አይሰማም፤ የእኛ ጣት ደግሞ ከሰልና ሙቀጫ ያደነደነው ነው። ረመዳን ላይ ለምን እንደማይለዩም ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሼኹ ካልዋጥሽው ምንም አይደል ይሉኛል» አሉ። «እኔ ነኝ ልቤ ያልተቀበለው።»

ቀለም ባይኖርም ሥራ አለ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ጭንቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእነሱ ዘንድ የሙሽራ የአንገት ዶቃ ከእናቷ እሳት መውጣት አለበት። አረንጓዴና ቡናማ እየተፈራረቀ ይሰካል፤ መሐሉ ላይ፣ ደረቷ ላይ የሚያርፈው፣ ከሰው ዓይን እንዲጠብቃት ሰማያዊ ይሆናል። ሙሽራይቱ እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ልታየውም ልትነካውም አትችልም፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ዓይን ያላት ልጅቱ ብቻ ሆና ሳለ ልትረዳን አልቻለችም። ሠርጉ ከኢድ በኋላ ነው። ሰማያዊው ጠርሙስ ደግሞ የተገኘው ረመዳን ከገባ በኋላ ሆነ። ይባስ ብሎ እትዬን ንዳድ ያዛቸው፤ አፋቸው መረረ፤ ሌሊት ለሱሁር፣ ለጾም መያዣው ምግብ፣ ተነሥተው እንኳ ቢሞክሩ ዶቃው ሁሉ አንድ ዓይነት አፈር ሆነባቸው።

የሙሽራው አክስት ይህን ሰምታ ከማጀቴ መጣች። ድምፅዋ ከደጅ ነው የሚቀድማት።

«እትዬ፣ ዶቃውን እንዲሁ ስጡኝና የወንድሜ ልጅ ለይታ ትስካው። ዓይኗ የጭልፊት ነው።»

«የእናት ዶቃ በሰው እጅ ይሰካል እንዴ?» አሉ እትዬ። «እስከ ኢድ ተዪኝ።»

ስትሄድ እትዬ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጠሩኝ።

«ስሚኝ። ዶቃው ማጀቴ ከሄደ ሥራውም ተከትሎት ይሄዳል። እኔ እርጅናዬን ይዤ ልጄ ዘንድ እቀመጣለሁ። አንቺን ግን እነዚያ ሰዎች ምን ብለው ያስገቡሻል?»

«ወደ አገሬ እሄዳለሁዋ።»

«በየትኛው ዓይንሽ?»

ከጎጃም ይፋት ዓይን ላለውም ሩቅ ነው። የቀረኝ ምላሴ ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ የገና ጾም ገባ። ያን ዓመት ረመዳንና የነቢያት ጾም ተገናኙ፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ አፋችንን ዘግተን ዶቃውን ማየት ሆነ ሥራችን፤ ማየት ካልነው።

ተረተሩ ሥር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ጠጠር መላስ ጾም ያፈርሳል?»

«ምን አምሮሽ ነው ጠጠር የምትልሺው? አርግዘሻል እንዴ?»

«ኧረ በሥላሴ! ሥራዬ ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ሲያሹ ተሰማኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሺ» አሉ። «ከዘጠኝ በኋላ ድንጋዩንም ብትበዪው የራስሽ ጉዳይ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓትን የማውቀው በበሩ መቃን ነው። ፀሐይ ከዚያ ሰዓት ጀምራ ግራውን መቃን ታሞቀዋለች፤ መዳፌን አሳርፌ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን መቃኑ ሲሞቅ ጸሎቴን አደረስኩ፣ ሽሮዬን በበርበሬ ቀይ አድርጌ በላሁ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ዶቃው ገባሁ። አንዱ ከአንዱ ለመለየት ቢያስቸግረኝም ገና ስላልለመድኩ ነው አልኩ። ለየሁ፣ ሰካሁ፣ ክሩን ቋጠርኩ።

አክስትየዋ በገበያ ቀን ተመልሳ መጣች። ሐብሉን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃኑ ወጣች።

«እትዬ፣ መሐሉ ላይ ያስገባችሁት ምንድን ነው?»

«ሰማያዊው ነዋ።»

«ቡናማ ነው። ወላሂ ቡናማ ነው! ሰማያዊው ማጅራቷ ላይ ነው ያለው። ቡዳ ከኋላ ነው እንዴ የሚመጣው?»

አክስትየዋ ግን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክሩን ፈትታ ዶቃውን ቅሉ ውስጥ አፈሰሰችው። «በሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ። ያን ቀን ካልሆነ ይዤው እሄዳለሁ» አለች።

በሽታው ከዓይኔ ወደ ምላሴ የተሻገረ መሰለኝ። ይህን ሳስብ ከፍርሃቱ ይልቅ መገረሙ በለጠብኝ፤ ምላስም ጭጋግ ይይዘዋል? መሸት ሲል ለእትዬ የጾም መፍቻ ሾርባ አቀረብኩላቸው።

«ይሄ ሾርባ ምን ገብቶበት ነው አፈር አፈር የሚለኝ?»

«እንደ ትናንቱ ነው የሠራሁት፣ እትዬ። የእርስዎ አፍ ነው የታመመው።»

ይህን ስል አንድ ነገር መጣልኝ። አፍ የሚታመም ከሆነ የሚደነዝዝም አለ። እትዬ በደህናው ዘመን ዶቃ የሚለዩት ለምን ማለዳ ነበር? ለምን አፋቸውን ሳይፈቱ?

«እትዬ፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ ዶቃ ለይተው ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ። እናቴ ማለዳ ትለይ ነበር፤ እኔም ማለዳ እለያለሁ። ምነው?»

«ምንም። ነገ እነግርዎታለሁ።»

በማግስቱ መዳፌን መቃኑ ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። ሞቀ። ጸሎቴን አደረስኩ። ሽሮው ምድጃው ላይ ይንተከተካል፣ ሆዴ ይጮኻል፤ እኔ ግን ከቅሉ አንድ ዶቃ አንሥቼ በስመ አብ ብዬ አፌ ውስጥ አስገባሁ።

ሻከረኝ። እንደ አሞሌ ሻከረኝ! ውሃ እንኳ ሳይነካው የዋለ ምላስ ምን ያህል ነገር እንደሚሰማ ያን ጊዜ አየሁ። የዱቄቱን ቅንጣት አንድ በአንድ የምቆጥረው መሰለኝ፤ ሰንበሌጡ ነዶ የወጣበትን ቀዳዳ፣ ገበታው የነካውን ጎን ሳይቀር ለየሁ። ያን ዶቃ ለብቻው አስቀመጥኩና፣ ለማወቅ ያህል፣ አንድ ጉርሻ በሽሮ በልቼ መልሼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ጠፋ። በርበሬው ብቻ ነው ያለው። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን አገኘሽ?» አሉ እትዬ ከአልጋቸው።

«ዶቃው ከሽሮው ይቅደም ነው የሚለው፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀን ሁሉ ጾሜን የምፈታው በጠርሙስ ነበር። መቃኑ ሲሞቅ ጸሎት፣ ከጸሎት በኋላ ዶቃ፣ ምላሴ ሲሰለች ደግሞ ምግብ። ልጅቱ ወደ ጎረቤት ትላካለች፤ እትዬ እየተንቀጠቀጡ ክሩን ይይዙልኛል፤ እኔ ከአፌ እያወጣሁ እሰካለሁ።

አክስትየዋ የደረሰችው በዚሁ ሥራ ላይ ሳለን ነው። ከጉንጬ አንድ ዶቃ ሳወጣ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ኡኡቴ! የሙሽራዋ ዶቃ በክርስቲያን ምራቅ?»

«ወይን ጠጅም ነበረበት» አሉ እትዬ። «እሳቱ ያን ካጠፋው ውሃው ይሄን አያጠፋውም? ይልቅ ነይ ክሩን ያዢልኝ፣ እጄ ደከመ።»

ተቀምጣ ያዘችልን። የመጨረሻውን ዶቃ አስገብቼ ስቋጥር ሐብሉን ነጥቃኝ ወደ ደጅ ወጣች። እትዬ ከንፈራቸው በዱዓ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ እኔም በልቤ ድንግልን ይዣለሁ። አክስትየዋ ዶቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ስታሳልፍ ቂጭ ቂጭ ይላል። መሐሉ ላይ ስትደርስ ድምፁ ቆመ።

«ሰማያዊ» አለች። ቀጠለች፤ እስከ ማጅራቱ ሄደች። «በምላስሽ?»

«በምላሴ።»

«ሳትበዪ?»

«ሳልበላ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬና ትራሳቸው ላይ ተደገፉ።

ሠርጉ ከኢድ በኋላ ሆነ። ሙሽራይቱ ከመውጣቷ በፊት ፊቴ ጎንበስ ብላ እጄን ይዛ አንገቷ ላይ አኖረችልኝ። ዶቃው ከሰውነቷ ሙቀት ሞቆ ነበር፤ በጣቴ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ደረቷ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

አጃቢው ከወጣ በኋላ አክስትየዋ ወደ ኋላ ቀርታ አጠገቤ ቆመች። በመዳፌ ላይ አንድ እፍኝ ነገር አፈሰሰችልኝ።

«የእናቴ ነበር፤ ክሩ ተበጥሶ ተደባለቀብኝ። ዓይን ያለው ሞልቷል፤ እኔ ግን በአንቺ ምላስ አምኛለሁ። ሰማያዊውን ለብቻ ለይተሽ መሐሉን አድርገሽ ስኪልኝ። በገበያ ቀን እመጣለሁ።» ጥቂት ሄደችና ዞረች። «ሽሮሽን ሳትበዪ፣ ጎጃሜዋ! ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ አልኳት። የእኔ ጾም ገና ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ዶቃዎቹን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ፣ መዳፌን መቃኑ ላይ አሳርፌ ፀሐይቱን መጠበቅ ጀመርኩ።