ጣቶቼና ሁለቱ ደጋኖች

ቱታውን መጀመሪያ ያየሁት ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። አንዲት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ለብሳው ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ሸንኮራ ትበላለች። አረንጓዴ ነው፣ ጎንና ጎኑ ነጭ መስመር አለው፣ ጀርባው ላይ የወረዳችን ስም በትልልቁ ተጽፎበታል። ለዞኑ የባህል ስፖርት ውድድር እንጅባራ ሄዳ የተሰጣት ነው። ሸንኮራውን እንኳ የምትበላው እንደ ተወዳዳሪ ነበር! እኔም እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ ይህን ቱታ ሳልለብስ ከዚህ ትምህርት ቤት አልወጣም።

ጣጣው በየትኛው ስፖርት እንደምለብሰው ነው። ሩጫ አይታሰብም፤ እኛ ትምህርት ቤት ሩጫ ማለት በየቀኑ ዳገት ወጥተውና ቁልቁለት ወርደው ከገጠር የሚመጡት ልጆች ርስት ነው። ገበጣ ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል፣ እኔ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ አስረኛ ክፍል እያለን የስፖርት መምህራችን ሰልፍ ላይ፣ «ቀስት የምትሞክር ሴት አለች?» ሲሉ እጄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ።

የተማመንኩበት ነገር ነበረኝ። ቤታችን ደጋን አለ። የቀስት ሳይሆን የጥጥ። አባቴ ከጫግኒ ገበያ ያመጣው ጥጥ ፍሬው ከወጣለት በኋላ ተፈታትቶ አረፋ የመሰለ ባዘቶ እንዲሆን በደጋን ይነደፋል። ደጋኑን በግራ እጅ ጥጡ ላይ ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ጅማቱን በቀኝ ጣት ጠለፍ አድርጎ ወደ ውጭ ፈንጠር ማድረግ ነው። ትንግ! ይላል፣ ጥጡም ይዘላል። እናቴን የእጇ አንጓ ስለሚያማት ይህ ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ነው። ታዲያ ደጋንን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? እንዲህ ብዬ ነዋ እጄን ያወጣሁት።

ልምምዱ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነበር። ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ከእንጨት ጋር ታስሮ ቆሟል፣ ላዩ ላይ በከሰል ትልቅ ክብ፣ ውስጡ ደግሞ ትንሽ ክብ ተሥሏል። ከጆንያው በስተግራ የዘበኛችን የጥቅል ጎመን መደብ አለ። የቀርቀሃውን ደጋን ያነሳነው ሴቶች ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና አንዲት ረጅም ልጅ። ረጅሟ ከገጠር መጥታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ቀስቷን ከመልቀቋ በፊት በአዊኛ የሆነ ነገር ታንሾካሹክለታለች።

«ምንድን ነው የምትይው?» አልኳት።

«ሂድ ነው የምለው። አንቺም በአማርኛሽ ሞክሪ፣ ከገባው።»

የእሷ ሄደና ጆንያው ላይ ጥፍ አለ። የእኔ ተራ ደረሰ። ሳብኩ፣ ለቀቅኩ፣ ትንግ! ድምፁ እንዴት እንደሚያምር! ቀስቱ ግን ጆንያውን በስተቀኙ ትቶ ጎመን ላይ ተሰካ።

«አንች ልጅ!» ዘበኛው ከጥላቸው ተነሱ። «ጎመኔ ምን አደረገሽ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁትም።»

«ይህን የሚያህል ጎመን አላየሽም?»

ሁለተኛው ቀስትም እዚያው ጎመን ላይ ከመጀመሪያው ጎን ተሰካ።

«ይኸው!» አሉ ዘበኛው፣ «አሁን አየሽው።»

መምህራችን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኔ መጡ። «እስቲ ቀስት ሳትይዥ አሳይኝ። ገመዱን ብቻ።» አሳየኋቸው። ትንግ። «ምንድን ነው እሱ? ክራር ነው እንዴ?»

«ጥጥ ነው ቲቸር።»

«ጥጥ?»

«ቤት ጥጥ እነድፋለሁ።»

ረጅሟ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው። እሳቸው ግን ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዘው ገመዱ ላይ አስቀመጧቸው። አመልካች ጣት ከቀስቱ በላይ፣ የመሐልና የቀለበት ጣት ከቀስቱ በታች። ገመዱ የሚያርፈው ጫፋቸው ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። አውራ ጣት ሥራ የለውም፣ መዳፍ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ እጄ የከንፈሬን ጥግ እስኪነካ ድረስ መሳብ።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኩ በተዘጋ ከንፈሬ።

«ምንም። ባልዲ ስታስቀምጭ ባልዲውን በጣትሽ ትገፊዋለሽ? ጣትሽን ነው የምትከፍችው። ገመዱ ይሂድ፣ አንቺ አትከተይው።»

ጥጥና ቀስት የተጣሉት እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ስነድፍ ጣቴ ገመዱን እየፈነጠረ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ትንግ ካላለ ሥራ አልተሠራም። ቀስት ላይ ግን ያች ትንሽ ፍንጠራ ገመዱን ወደ ጎን ትገፋዋለች፣ ቀስቱም የጋሼን ጎመን ይጎበኛል። ባልዲዋን እያሰብኩ ስሞክር የዚያን ቀን ማብቂያ ላይ ጆንያውን አገኘሁት። ቤቴ እየዘለልኩ ገባሁ። ማታ እናቴ ጥጡን አወጣችልኝ፣ ነደፍኩ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ጎመን!

እንዲህ ሆነ ነገሩ። ቀን የተማርኩትን ማታ ጥጡ ያስረሳኛል። ለወረዳው የምትመረጠው ሴት አንዲት ብቻ ናት፣ የምርጫው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው።

«እማ፣ ጥጡ ይቆይልኝ፣ ምርጫው እስኪያልፍ ብቻ።»

«ሸማኔው ይቆይልሻል? ለጋቢው የቀረችን ጥጥ እኮ ትንሽ ናት። ተራችን ካለፈ ፋሲካ ሳያልፍ አይነካልንም። አባትሽ በዚህ ብርድ ምን ይልበስ፣ ቱታ?»

«ቱታም አይከፋም» አለ አባቴ ከወዲያ።

«አንተ ዝም በል!»

የጋቢው ነገር ቀልድ አልነበረም፤ የአባቴ አሮጌው ጋቢ ከመሳሳቱ የተነሳ በውስጡ ሰው ይታያል። ስለዚህ ደጋኑን አነሳሁና ትንሽ አየሁት። ከዚያ ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩት፣ ጅማቱን በግራ ጣቴ ጠለፍኩ። ትን... አለ። ጥጡ ሊዘል ፈልጎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እጅሽ ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«ቀኙ ለእንጅባራ ተቀጥሯል።»

«ግራው ያውቃል?»

«ይማራላ!»

ግራው ቶሎ አልተማረም። ጥጡ እዚህ ብን ብሎ እዚያ ይቋጠራል። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ስትፈትል በየመሐሉ ትቆማለች፣ ክሯን በጣቷ ትዳብሳለች። «ይኼ ባዘቶ ነው ወይስ ሽንብራ?» ትለኛለች። ግን ደጋኑን ወደ ግራ እጅሽ መልሺ አላለችኝም። አንድ ማታ እንዲያውም በዚያ በሚያማት እጇ የተቋጠረውን እየለቀመች፣ «ቀኙን አሳርፊው፣ እኔ አፍታታዋለሁ» አለችኝ። አሁን ስጽፈው ገባኝ እንጂ ያን ጊዜ ስለ ቱታው ብቻ ነበር የማስበው።

የምርጫው ቀን ዘበኛው ጎመናቸውን በጆንያ ሸፍነው፣ ጃንጥላ ዘርግተው መደቡ ፊት ቆመው ጠበቁኝ።

«ጋሼ፣ ዝናብ የለም እኮ» አልኳቸው።

«አንች አለሽ አይደል?»

ለእያንዳንዳችን ሦስት ቀስት ተሰጠን፣ ረጅሟ ቀደመች። እያንሾካሾከች ሁለቱን ትንሹ ክብ ውስጥ ሰካች፣ ሦስተኛው ለጥቂት ከክቡ ወጣባት። የእኔ የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛው ገባ። የመጨረሻው ከገባ ቱታው የእኔ ነው፣ ካልገባ እኩል ሆነን እንደገና እንወረውራለን። እንደገና ከተባለ ጣቶቼ እንደማይታዘዙኝ አውቀዋለሁ፤ ከአሁኑ ላብ አጥምቋቸዋል። በቀሚሴ ጠረግኳቸው።

አመልካች ከላይ። ሁለቱ ከታች። አውራ ጣቴ ተኛ። ሳብኩና እጄ ከንፈሬ ጥግ ደረሰ። ያኔ አመልካች ጣቴ ፈንጠር ሊል ሲያሳክከው ተሰማኝ፣ ልጅነቱን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው፣ ምን ያድርግ። ባልዲ አልኩ በሆዴ። ባልዲ፣ ባልዲ። ጣቶቼ ተከፈቱ።

ትንግ አላለም። ድምፁን ስላጣሁት የሳትኩ መሰለኝ፣ እንደ ልማዴም ጆንያውን ትቼ ወደ ጎመኑ ዞርኩ። ዘበኛው ጃንጥላቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ።

«እዚህ የለም! እኔ ጋ የለም! ወደዚያ እይ!»

አየሁ። ትንሹ ክብ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ።

ረጅሟ ከኋላ አንገቴን ይዛ ወዘወዘችኝ። «አማርኛ ይገባዋል ለካ!» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምጿ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ «ለከርሞ ግን እኔ ነኝ የምለብሰው» አለችኝ። እመኑኝ፣ የቀለደች አልመሰለኝም።

ቱታው ሰፊ ነበር። እጅጌው እነዚያን የደከምኩባቸውን ጣቶች ሙሉ በሙሉ ዋጣቸው፣ ገመድ ለመያዝ ጠቅልዬ ጠቅልዬ ነው ያወጣኋቸው። ጋቢውም ከውድድሩ በፊት ደረሰ። ሸማኔው ሲያስረክብ ክሩ የተቋጠረበትን አንዱን ጫፍ ወደ እናቴ አቅርቦ፣ «እመቤቴ፣ የእርስዎን ፈትል አውቀዋለሁ፣ ይህን ጉብጉብ ግን ከየት አመጡት?» ብሏት ነበር።

«ፈትሉ የእኔው ነው» አለችው። «ጉብጉቡ የእንጅባራ ነው።»

እንጅባራ ስንወዳደር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሜዳው ዙሪያ ጋቢ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። ስሜ ተጠርቶ ገመዱ ላይ ጣቶቼን ከማሳረፌ በፊት አባቴን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፤ ሁሉም ነጭ በነጭ ነው። በመጨረሻ ከሰዉ መሐል አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣ። አባቴ ነው፣ የጋቢውን ጉብጉብ ያለውን ጫፍ ከፍ አድርጎ እንደ ባንዲራ ያውለበልብልኛል። ሳቄን ዋጥኩና እጅጌዬን ጠቅልዬ ጣቶቼን አስቀመጥኩ። አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች።