ከእማማ የሺ ዓይን የወጣው ሌንስ

ደብረ ማርቆስ፣ ዓይን ሕክምና ክፍል በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊያችን የነበሩት ሐኪም ከአንድ አዛውንት ዓይን ያወጡትን፣ በሞራ የደፈረሰ የተፈጥሮ ሌንስ በብረት ሳህን አድርገው አሳዩኝ። ቡናማ ሆኗል፤ መጠኑ ከባቄላ ክክ አይበልጥም። እኔ ደግሞ የዓይን ሞራ ማለት ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ስስ ሽፋን ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ።

«ሲስተር፣ የዚህ ሕዋሶች ለሥራ ሲደርሱ ኒውክሊየሳቸውንም ኃይል ማመንጫቸውንም አፍርሰው ያስወግዳሉ» አሉኝ። «ብርሃን የሚያግድ ነገር ውስጣቸው እንዳይቀር ነው። ታዲያ ባዷቸውን ስለቀሩ ሲጎዱ ራሳቸውን መጠገን አይችሉም፤ የሚተካቸውም የለም። መሐል ያሉት እናታችን ሆድ ሳለን የተሠሩት ናቸው።»

ለፈተና እንደሚጠና ነገር ያዝኩት እንጂ ያን ቀን ብዙም አላሰብኩበትም።

ከዓመታት በኋላ እማማ የሺ ከሮብ ገበያ ከተማ መጡ፤ ልጃቸው ጥሩወርቅ እጃቸውን ይዛ። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ጠብታ ሳደርግላቸው «በለቅሶ ነው የጠፋ፤ ወንዱ ልጄ ሞቶብኝ» አሉኝ። እኔ ችኩሏ «ኧረ እማማ፣ ለቅሶ ሞራ አያመጣም፤ እርጅና ነው!» አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

ፊታቸው ጠቆረ። «ልጅሽን በከንቱ ነው ያለቀስሽለት በይኛ! ይኸ የልጄ ሐዘን ነው፤ ማንም አይገፍፈውም» ብለው ተነሡ። ጥሩወርቅ ብትለምን፣ እኔ ብለምን፣ አሻፈረኝ አሉ።

በዓመቱ ጥሩወርቅ እየተቆጣች መልሳ አመጣቻቸው። ምድጃ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተቃጥሏል። አሁን አልቸኮልኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ስሙ አበጀ ነበር፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል አሉኝ። ብዙ ካወሩ በኋላ ራሳቸው ጠየቁ።

«ይኸ የምታወጡት ነገር መቼ ነው የበቀለብኝ?»

«አልበቀለብዎትም እማማ። እናትዎ ሆድ ሳሉ አብሮዎት የተሠራ ነው። ብርሃን ለማሳለፍ ብሎ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጥሎ ሲያገለግልዎት ኖረ፤ አሁን ደከመው።»

ዓይናቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። «እንግዲያ አበጀን ያየሁት በሱ ነው?»

«በሱ ነው። ሲወለድም፣ ሲስቅም።»

«አውጡት እሺ። ግን አትጣሉት፤ ለኔ ስጡኝ።»

ደንባችን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ቀዶ ሕክምናውን አድርጎ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባላቸውን ሐኪም ለምኜ አስፈቀድኩና ሌንሱን በትንሽ ብልቃጥ አኖርኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ፈታሁ። ዓይናቸው ፊት ለፊት የቆመችው ጥሩወርቅ ላይ ዐረፈ። ትኩር ብለው አዩዋት።

«አንቺ! መቼ ሸበትሽ?»

«እጅሽን ይዤ ስመራሽ ነዋ፣ እማየ!» አለች እየሳቀች።

ፀጉሯን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንሰቀሰቁ። «እማማ፣ ዓይንዎን እንዳያሹ!» አልኩ፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሕመምተኛ በሽታዬ ከዚህ መጣ ሲላችሁ፣ ከማረማችሁ በፊት ስለ ማን እንደሚያወራ ጠይቁት።