ማንኪያዋ ዝም ያለች ሰሞን

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ሽቶ» ነው የሚሏት። የሆቴል አንሶላ ስትለይ አፍንጫዋን የምትሸፍንበት መሐረብ ሁልጊዜ ሽቶ ይርከፈከፍበታል። ቀልዱ አይገባትም እንዳይመስላችሁ፤ ይገባታል። ግን የሰው ወዝ፣ የሰው ምራቅ፣ የሰው ደም ቀኑን ሙሉ ሲገለባበጥባት አንጀቷ ጉሮሮዋ ድረስ ይወጣል። ይህን የማይጸየፍ ሰው ካለ አፍንጫው ተደፍኗል ማለት ነው።

ቤቷ ስትገባ ደግሞ አማቷ አሉ። ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ከጎን ባለችው ክፍል ተኝተው፣ ሲረጥብባቸው ወይም ሲጠማቸው ግድግዳውን በሻይ ማንኪያ ያንኳኳሉ። ኳ ኳ ኳ። ሽቶ ያቺን ማንኪያ ትጠላታለች። ትንፋሿን ይዛ ትጠርጋቸዋለች፣ እጇን እስኪላጥ ትታጠባለች፣ እራት ግን አይወርድላትም። ባሏ የእናቱን ገላ ማየት ነውር ነው ብሎ በሩ ላይ ቆሞ «አይዞሽ» ይላል። አይዞሽ! እሱንም ተጸየፈችው።

የባሏ እህት እናቴን ልውሰድ ብላለች። ጠዋት በሯን ቆልፋ ወጥታ ማታ የምትመለስ ሴት ናት፤ አሮጊቷ እዚያ ቢሄዱ ቀኑን ሙሉ ማንም ሳያያቸው ተቆልፎባቸው ነው የሚውሉት፤ እዚህ ሽቶ ሥራ ስትውል ጎረቤት ብቅ እያለች ውሃ እንኳ ታቀምሳቸዋለች። ሽቶ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ልትልካቸው ፈለገች፤ መፈለጓ ደግሞ አሳፈራት፤ ስለዚህ ነገሩን ለእግዚአብሔር አቀረበች።

የጸሎት ቡድኗ መሪ፣ «አንቺ ብዙ ትለፈልፊያለሽ። ጠዋት ጠዋት አፍሽን ያዢና ስሚ፤ መልሱ ሰላም ሆኖ ይመጣል» ብለዋታል። እሷም ከልቧ ያዘችው። ከሥራ በፊት ወንበሯን መስኮቱ ሥር ስባ ትቀመጣለች። ግን ገና ዐይኗን ከመጨፈኗ፣ ኳ ኳ ኳ። አንድ ቀን አልቻለችም፤ ጮኸች።

«ኧረ እማማ፣ እየጸለይኩ ነው! ከጌታ ጋር እንኳ ላውራ!»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማንኪያዋ ዝም አለች።

ጸጥታው ቤቱን ሞላው፤ ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። መልሱ ይኸው አለች። ለባሏም «ጌታ ተናግሮኛል፣ እህትህ ጋ ይሂዱ» አለችው። ጌታ ተናገረ ከተባለ ማን ይከራከራል? እሱም እፎይ አለ። እህትየው ቅዳሜ መኪና ይዛ ልትመጣ ተስማማች። እርግጥ በዚያ ሰሞን ከጸሎት በኋላ ወደ አማቷ ስትገባ ሽታው ከበፊቱ የባሰ ነበር። መሐረቧ ላይ ሽቶ ጨመረችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ለማመስገን ተቀመጠች። የምትለምነው ነገር ስላልነበራት ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ዝም አለች። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ትንፋሽ ሰማች፤ ሳብ፣ ቆም፣ እንደገና ሳብ። ለቅሶው እንዳይሰማበት አፉን የያዘ ሰው ትንፋሽ ነው። መሐረቧን ረስታ ሄደች።

አንሶላው ጠርዙ ደርቆ መሃሉ ርሷል። ከአሮጊቷ ጭን ሥር ቆዳቸው ተልጧል። ማንኪያዋ በሻሽ ተጠቅልላ ትራሱ ሥር ተሸጉጣለች።

«እማማ! ምነው ሳያንኳኩ?»

«አንቺ ከጌታ ጋር ስታወሪ ምን ብዬ ላቋርጥሽ፣ ልጄ? ከእጄ ወድቃ እንዳትረብሽሽ ጠቀለልኳት።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «መቼም ለኔም ሳትለምኚልኝ አትቀሪም ብዬ።»

ሽቶ ማንኪያዋን ከሻሹ ፈታች። ሰላም ነው ብላ ያመሰገነችበት ጸጥታ፣ እኚህ ሴትዮ በገዛ ሽንታቸው ተኝተው ጥርሳቸውን ነክሰው የሰጧት ነው። እሷ ደግሞ የጌታን ስም ለጠፈችበት። በሕይወቷ እንደዚያን ጠዋት ራሷን ተጸይፋ አታውቅም።

ደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። የባሏ እህት ደርሳለች። ባሏ የእናቱን ሻንጣ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አስቀምጠው» አለችው።

«ጌታ ተናግሮኛል አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው። እሱ አልተናገረም፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይልቅ ሙቅ ውሃ ይዘህ ግባ። በሩ ላይ አትገተር፤ እናትህ ናቸው።»

ሽታው ያው ነው። ዛሬም ያቅለሸልሻታል፤ መሐረቡንም አልጣለችውም። ወንበሯን ግን ከመስኮቱ ሥር አንሥታ ማንኪያዋ የምታንኳኳው ግድግዳ ሥር አስጠግታዋለች። ጠዋት ጠዋት እዚያ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ኳ ሲል «አቤት» ብላ ትነሣለች።