ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን የሚዘጋው ፀጉር አስተካካይ

ሌላው ፀጉር አስተካካይ ፋታ በሚያጣበት በቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ሰፈሩ በሩን ይዘጋል። መቀሱን፣ ማበጠሪያውን፣ የመላጫ ሳሙናውንና አልኮሉን አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ይከትና ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ፣ «ጤነኛው ሰው አለቀና ነው በሽተኛ ፍለጋ የምትወጣው?» ትለው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአባቱ ሞት ነው። አባቱ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ሲያጣጥሩ፣ እሱ ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ አለ፤ ያውም ቆሞ። አስከሬናቸውን ሊያይ ሲገባ፣ ዕድሜ ልካቸውን በየማለዳው ይላጩ የነበሩት ሰውዬ ጢማቸው አድጎ ፍርፋሪ ደርቆበት ነበር። እሱ ግን የስንቱን ጎረምሳ ፊት ሲያሳምር የኖረ ሰው ነው። ምላጭ አስመጥቶ እዚያው ላጫቸው። ስለዚያ ቀን ለሚስቱ ብቻ፣ «የሞተ ሰው ቆዳ ስትጎትቺው አይመለስም» ብሏታል።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከኋላ ነበር የሚቆመው። አንድ ቀን ቄሱ በስብከታቸው፣ ጸሎታችሁ ከአፋችሁ አልፎ እጃችሁ ላይ ይድረስ አሉ። ሕዝቡ ሲበተን ጠብቆ ጠጋ አላቸው።

«አባ፣ እኔ የማውቀው ፀጉር መቁረጥ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እግዜር መቼ ሌላ ጠየቀህ?» አሉት።

እንዲህ ሆኖ፣ ሕሙማንን እንዲረዱ ቄሱ ከላኳቸው ምእመናን ጋር ገባበት። የተላከው ከዓመት በላይ የተኙ ሕሙማን ካሉበት ክፍል ነው። አብረውት ከጀመሩት ስድስት ምእመናን አምስቱ ሽታውን አልቻሉትም፤ አንዱ እግሩ ተሰበረ። እሱ ቀረ። መቀመጥ የማይችለውን በሽተኛ ፎጣ ከማጅራቱ ሥር አንጥፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ግማሹን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ያገላብጠውና ግማሹን ይጨርሳል። አንዳንዴ ግማሹን ቆርጦት የሄደ ሰው በሳምንቱ አይገኝም።

በመስኮቱ በኩል የተኙት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጉበታቸው አልቆ ሆዳቸው አብጧል። ጠያቂ የላቸውም። መስተዋት ሲያሳያቸው፣ «የግራው ጺም በሁለት ሚሊ ይበልጣል» እያሉ ያርሙታል። እሱም በሁለት ሚሊ ያሳጥርላቸዋል። እንዲህ እየተባባሉ ወራት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ እጁን ያዙትና፣ «ልጅ አለኝ። መናኸሪያው ጀርባ ጎማ ይጠግናል። ጥራልኝ» አሉት።

ሰኞ ሄደ። ልጁ ሠላሳውን ያለፈ፣ ክንደ ወፍራም ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው በብረት ሲፈለቅቅ አገኘው። ስለ አባቱ ሲነግረው ብረቱን ሳያስቀምጥ አዳመጠው።

«የእናቴ ቀኝ ጆሮ በምን እንደደነቆረ ጠይቀውታል?»

«አልጠየቅኩም። ልጄ፣ ይቅር በለው ልልህ አልመጣሁም። ሰውዬው ሊሞቱ ነው።»

«እሷ ስትሞት ይህ ሰውዬ አልመጣም።» ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። «ደግ ሰው ይመስላሉ፣ ጋሼ። እርስዎ ይላጩት። እኔን ግን ለጽድቅዎ መሰላል አያድርጉኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ይህን ቃል ለሚስቱ ሲደጋግምላት ሰነበተ። ሚስቱ፣ «አገር ለቆ ሄዷል በላቸው፤ ለሚሞት ሰው መዋሸት ኃጢአት አይደለም» አለችው። እሱም እንዲያ ሊል አስቦ ገባ። የመምህሩን ፊት ሳሙና ቀባ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ይመጣል?»

ምላጩን ደጋግሞ ጠረገ። ውሸቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልወጣ አለው።

«አይመጣም፣ መምህር። ስለ እናቱ ጆሮ እንድጠይቅዎ ነግሮኛል።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳሙናው ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ልክ ነው ልጁ» አሉ፤ የፈተና ወረቀት የሚያርሙ ይመስሉ ነበር። «ጨርስ።»

ሐሙስ ሞቱ። የቀበሯቸው እሱ፣ ቄሱና ሁለት የሆስፒታሉ ተሸካሚዎች ናቸው። ከቀብሩ ሲመለሱ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ብዋሽ ኖሮ እየጠበቁ ይሞቱ ነበር፣ አባ» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ እጁ በቅባት እንደጠቆረ ሱቁ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ።

«ምን አለ?»

«ልክ ነው ልጁ፣ አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላሉም።»

ልጁ አገጩን ይዞ ቀረ። «ልክ መሆኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ በመጨረሻ፤ ሳይላጭ ተነሥቶ ወጣ። መቃብሩ የት እንደሆነ አልጠየቀም፤ ፀጉር አስተካካዩም ተከትሎ አልነገረውም።

አሁንም ወደዚያ ክፍል ይሄዳል። ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት እህታቸውን እንዲጠራላቸው ለመኑት። «እማማ፣ እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ» አላቸው። የእህታቸውን ቤት ግን ያውቀዋል፤ ወደ ሱቁ ሲመላለስ በደጃፏ ነው የሚያልፈው። በየቀኑ ያልፋል፤ አላንኳኳም።