የወለተ ኮምፒዩተር ሹሩባ

ሀሌታ ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ስትሪፑ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ አንድ እግሩን የሚያነክስ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ ሲራክ ግን የግድግዳ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጆሮዬም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ስለዚህ ከማንም የተሻለ አውቃታለሁ።

ልጅ ሆና እናቷ ካዚኖ የከሰዓት ሺፍት ትገባ ነበር። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ዊንቸስተር ሰፈር፣ አፓርትመንታችን በር ላይ ሲያወርዳት በቀጥታ የምትሄደው እትዬ ብርቅታይት ቤት ነው። እትዬ ብርቅታይት በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የተሰደዱ፣ ወገባቸው እምቢ እስኪል የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ኦፍ ሲሆኑ ሹሩባ ይሠራሉ። ሀሌታ ትራስ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ለጉልበታቸው ሰጥታ፣ የእጅ ጌሟን እየነካካች ትሠራለች። «አንገትሽን አቅኚ» ይሏታል። ታቀናለች፤ ጌሙ ሲጋጋል ደግሞ ታጋድላለች። ያደገችው እንዲህ ነው፤ ከላይ ሹሩባ፣ ከታች ጌም፣ መሀል ላይ የሰው ወሬ።

ዘንድሮ እትዬ ብርቅታይት ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ከጎማ ቤት አጠገብ፣ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ሹሩባ ቤት ሊከፍቱ ሆነ። መስታወቱ ላይ በር የሚያክል የሹሩባ ሥዕል ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ራሷን የምታበድር ሴት ጠፋች። መጀመሪያ የተጠየቀችው ጸዳለ ናት፤ የእትዬ ብርቅታይት የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ በዚህ ከተማ ማን ማንን እንደሚያገባ ከተጋቢዎቹ ቀድማ የምታውቅ።

«ጭንቅላቴን መንገድ ላይ ለጥፈሽ ላላፊ አግዳሚው ዓይን ልትሰጪኝ ነው?» አለች። «የቀረችኝን ፀጉር በዓይን ላስጨርሳት? ይቅርብኝ እህቴ።»

ሌሎቹም እንደዚሁ። ሹሩባውን ሁሉም ይፈልጋል፤ ዓይኑን የሚፈልግ የለም።

«እኔ ባለቤት የሌለው ራስ አለኝ» አለች ሀሌታ።

«የማን ልጅ ናት?» አለች ጸዳለ ወዲያው።

«የማንም። እኔ ነኝ የሠራኋት።»

ጸዳለ ስለ ሀሌታ የማታውቀው ነገር እንዳለ ያን ቀን ነው የገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀሌታ በምትወደው ጌም ውስጥ ያሉት ሴቶች ሰይፍ አላቸው እንጂ ሹሩባ የላቸውም። ስለዚህ ማንም ሳያስተምራት፣ ከኢንተርኔት እየለቀመች፣ አንዷን ሴት ወስዳ ራሷ ላይ ጉንጉኖቹን አንድ በአንድ ሠራችላት። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ክርስትና አነሷት፤ ወለተ ኮምፒዩተር አሏት።

የጌም ሞዴል ግን ለጌም ነው የተሠራው፤ በር አክሎ ሲታተም ይደበዝዛል። ብርሃኑን እንደ እውነቱ አስልቶ ጥርት ያለ ትልቅ ሥዕል ወደሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም መዛወር አለበት። «ኢምፖርት አደርጋለሁ፣ ሬንደር አደርጋለሁ፣ አለቀ» አለች ሀሌታ።

አላለቀም። ወለተ ኮምፒዩተር አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ስትገባ ግማሽ ፊቷ ከሰል መሰለ። እንዲህ ያለ ሞዴል እንደ ኳስ ከተጋጠሙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ነው የሚሠራው፤ አንዳንዱ ቁራጭ እንደ ተገለበጠ ሸሚዝ ውስጡን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር። መለሰችው። ቀጥሎ ጉንጯ እንደ ተፈለጠ ድንጋይ ማዕዘን ማዕዘን ሆነ፤ ማለስለሻውን አስተካከለች። ከዚያ ደግሞ ራሷ በሙሉ ማብረቅረቅ ጀመረ። ይሄኔ ሱቁን ቀለም ሲቀቡ የነበሩት ሴቶች ብሩሻቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ወዟን አያችሁ?» አለች ጸዳለ። «ቅቤ ተቀብታለች እኮ። ጎሽ፣ ባህሏን ታውቃለች።»

ሀሌታ የተመሰገነ ነገር አትነካም፤ ማብረቅረቁን ተወችው። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ አንዳንዱ ጉንጉን ከራስ ቅሏ ላይ በመነሣት ፈንታ ወደ ውስጥ ገብቶ ቦይ ሆኗል። እሱን ስመለስ ቼክ አደርጋለሁ ብላ፣ ላፕቶፑን ክፍት ትታ ወደ ሺፍቷ ሄደች።

ክፍት ላፕቶፕ ከጸዳለ ጋር አይተውም። በስልኳ አነሣችው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ላከችው። ያ አንድ ሰውም ለአንድ ሰው ብቻ። ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ የሴቶቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጥቶ፣ የብርቅታይት እጅ ፀጉር ከሥሩ እየነቀለ የአንዷን ምስኪን ራስ የታረሰ መሬት አስመሰለው ተባለ። ምስኪኗ ማን እንደሆነችም ተደረሰባት፤ እንዲያውም የተደረሰባቸው ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው።

ወሬው ኢንስፒራዳ የሚባለው ሰፈር ለመድረስ ኦቨርታይም አላስፈለገውም። እዚያ የሚኖሩት ወይዘሮ ገንዘቤ ልጃቸውን ሳምራዊትን ሊድሩ ነው፤ ለመልሱ ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን ሹሩባ እንዲሠሩላቸው እትዬ ብርቅታይትን ይዘው ነበር። የአዲሱ ሱቅ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ደወሉ።

«ነገ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉ። «ካላማረኝ ግን እንዳትቀየሚኝ፤ የልጄ ራስ ነው።»

እትዬ ብርቅታይት ስልኩን ዘግተው ማበጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶን መመለስ ጀመሩ። እሳቸው ሲናደዱ ይናገራሉ፤ ዕቃ ከሰበሰቡ ልባቸው ተነክቷል።

ሀሌታ ከሺፍት ከነዩኒፎርሟ መጣች፤ ውጭ ፀሐይዋ ገና አስፋልቱን ትጠብሰዋለች።

«እትዬ፣ ሶሪ፣ በጣም ሶሪ። ፊክስ አደርገዋለሁ። እርስዎ አታስቢ።»

«አስቤ ጨርሻለሁ» አሉ።

ጸዳለ ጥግ ላይ ቆማ የተቀባውን ግድግዳ እንደገና ትቀባለች፤ እኔ መሰላሉን ይዤላታለሁ።

ሀሌታ መጀመሪያ የጠረጠረችው የራሷን እጅ ነው። ጌሙን ከፍታ አየች፤ እዚያ ጉንጉኑ ሁሉ ደህና ነው። ሞዴሉን እንደ አዲስ አስገባችው፤ ቦዩም እንደ አዲስ መጣ። ሹሩባውን በሙሉ አፍርሼ ልሥራ ስትል፣ እትዬ ብርቅታይት መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ቦዩስ ይሁን፤ ይኼን ሁሉ ቅቤ ማን ቀባት?»

«እኔ አልቀባሁም።»

«እኔም አልቀባም። በዚህ አገር ሙቀት መኪናዋ ጋ ሳትደርስ አንገቷ ላይ ሊወርድ? የኔ ሥራ እንዲህ አያበራም። ስሜ ከጠፋ አይቀር በሠራሁት ይጥፋ።»

ሀሌታ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። ጌሙ ውስጥም የወለተ ኮምፒዩተር ፀጉር አያበራም ነበር። ያ ሁሉም ያመሰገነው ወዝ ራሱ ስሕተት ነው ማለት ነው። ጌሙ የሞዴሉ ቆዳና ፀጉር የት ምን ያህል እንደሚያበራ የሚናገር ሥዕል ይዟል፤ አዲሱ ፕሮግራም ያንኑ ሥዕል የት ምን ያህል እንደሚሻክር አድርጎ ነው የሚያነበው። የማያበራው አበራ፣ የሚያበራው ደበዘዘ። ገለበጠችው፤ ቅቤው ደረቀ።

«ውበቷ ሄደ» አለች ጸዳለ ከጥግ።

«አንቺ ቀለምሽን ቀቢ» አሉ እትዬ ብርቅታይት።

«አንዱን ሥዕል ገልብጦ ካነበበ ሌላውንም ሊያነብ ይችላል» አለች ሀሌታ። የትኛው ጉብታ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ለብርሃኑ የሚነግር ሌላ ሥዕል አለ፤ ወይን ጠጅ ቀለም የሚመስል። ፊቷን ስክሪኑ ላይ አስጠግታ ጉንጉኖቹን አየች። ቁልቁል የወረዱት ሁሉ ደህና ናቸው፤ የጎደጎዱት አግድም የሄዱት ብቻ። እጅ ቢያበላሸው ኖሮ እንዲህ አይመርጥም። በዚያ ሥዕል ቀዩ ቀለም ግራና ቀኙን ይናገራል፣ አረንጓዴው ላይና ታቹን። ጌሙ «ላይ» ያለውን አዲሱ ፕሮግራም «ታች» ብሎ ሰምቶታል፤ ብርሃኑ ከላይ እየመጣ ጉንጉኑ ከታች የበራ ይመስላል፣ የሰው ዓይንም ጉብታውን ጉድጓድ ይለዋል። አረንጓዴውን ብቻ ገለበጠችው።

ሥዕሉ ቀስ እያለ ጭጋግ ከመሰለ ነገር ውስጥ ወጣ። ጉንጉኖቹ ተነሥተው፣ ሞልተው፣ በጣት የሚያዙ መሰሉ። ጸዳለ እውነትም በጣቷ ልትይዝ ስትመጣ፣ ጣቷ ላይ ቀለም ስለነበር መለስኳት።

እትዬ ብርቅታይት ግን ሌላ ነገር አዩ። ከግራ ጆሮዋ በላይ አንዲት ጉንጉን ጠመም ብላለች። ቦይ ሆና ሳለ አልታወቀችም ነበር።

«ይቺን የሠራኋት እኔ ነኝ» አሉ። «አንገትሽን አቅኚ ስልሽ ለጌምሽ እያጋደልሽ የጠመመችብኝ። ሀሌታ፣ ይኼ ያንቺ ራስ ነው።»

ሀሌታ አቀረቀረች። «የልጅነት የልደት ፎቶዬን እያየሁ ነው የሠራሁት። ጠማማዋን ማቃናት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ማሚ ሺፍት ስትገባ እኔ እርስዎ ጋ ነው ያደግሁት።»

እትዬ ብርቅታይት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከሚገባው በላይ ጠረጉት። ከዚያ «እንግዲያው አይሰቀልም» አሉ።

«ለምን?» አልን ሁላችንም።

«ባለቤት አለዋ። የልጄን ራስ ለመንገደኛ ዓይን አልሰጥም። ገንዘቤም ትቅርብኝ፣ ሠርጉም ይቅርብኝ።»

ሀሌታ በአማርኛ ለመነች፣ በእንግሊዝኛም ለመነች፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። ነገ ወይዘሮ ገንዘቤ መጥተው መስታወቱን ባዶ ካገኙት ግን ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው።

ይሄኔ ጸዳለ ብሩሿን አስቀመጠች። እጇን ጠራርጋ ስልኳን አወጣችና፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ግሩፑ ላይ በድምፅ ተናገረች። «እህቶቼ፣ ያ ሥዕል ኮምፒዩተር ያበላሸው ነው። ትክክለኛው ነገ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ራሱ ደግሞ የኔ የጸዳለ ነው። ዓይን ያለው በኔ ይጀምር።»

ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ምን ታዩኛላችሁ? ባለቤት አገኘ። የላክሁትን እኔው ወሰድሁ።»

እትዬ ብርቅታይት ወንበሩን ሳቡ። «የሥዕሉ ራስ ያንቺ ከሆነ መመሳሰል አለባችሁ። ቁጭ በይ። አንገትሽን አቅኚ።»

በማግሥቱ ማተሚያ ቤቱ አድርሶልን መስታወቱ ላይ ከለጠፍነው በኋላ፣ ወይዘሮ ገንዘቤ መኪናቸውን ጎማ ቤቱ ጋ ፓርክ አድርገው መጡ። መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥለው ከሥሩ የተቀመጠችውን ጸዳለን አዩ። ሥዕሏ ለጋ ወጣት ናት፤ ጸዳለ ጡረታዋን የምትጠብቅ ሴት ናት። ወይዘሮ ገንዘቤ የጸዳለን ራስ በጣታቸው ዳበሱ፣ ጉንጉኑን ፈልቀቅ አድርገው ሥሩን ፈተሹ። የተነቀለ የለም።

«ፊትሽን ትንሽ አሳምረውታል» አሉ።

«ኮምፒዩተር ነው» አለች ጸዳለ፣ ሳትሽኮረመም።

«ሳምራዊትን ሐሙስ አመጣታለሁ» አሉ ወይዘሮ ገንዘቤ።

ሲሄዱ እትዬ ብርቅታይት ወጥተው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ያቺን ጠማማ ጉንጉን በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሏት። «ልሙጥ ነው እኮ» አሉ እየሳቁ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

«እርስዎንም ይስጥሽ» አለች ሀሌታ። ማንም አላረማትም።

ሱቁ ዛሬ ወንበር አይበቃውም። ጸዳለ ራሷን ባመማት ቁጥር ወደ መስታወቱ እያየች «ይኼኛው ራስ ምታት የሀሌታ ነበር» ትላለች። ሀሌታም ክኒኑን ከነውሃው ታቀርብላታለች።